ጠመንጃው የት ነው የሚያድረው?

አርብ ቁልፉን አስረክባለሁ። ጡረታ ወጥቼ አይደለም፤ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፣ ወገቤም ደህና ነው። በማታ ስማር የቆየሁትን ኬሚስትሪ ዘንድሮ ጨረስኩና ሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ጥፍሬ ሥር የገባው ዘይት አሁን ይለቅ ይሆናል።

የኦፕሬሽን ኃላፊያችን አቶ ደረጀ "የርክክብ ሰነድ አዘጋጂ፣ ሁለት ገጽ ይበቃል" አሉኝ። አዘጋጀሁ። ይህን ያህል መወልወያ ዘንግ፣ ይህን ያህል ብሩሽ፣ አንድ ሞርሳ፣ አንድ የእሳት ማጥፊያ። ፈረምኩ፣ አለቀ። ይሄኛው ጽሑፍ ግን ሌላ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ወርቁ ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊት መሣሪያ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። በሠራዊቱ ዘንድ የመሣሪያ ቤት ቁልፍ የሚያስረክብ ሰው ዕቃ ከመቁጠሩ በፊት ያበላሸውን ይናገራል። ቁጭ ብሎ፣ ለሚተካው ሰው፣ ፊት ለፊት። "የሠራሽውን ጠመንጃው ራሱ ይናገርልሻል" ይሉኝ ነበር፣ "ያበላሸሽውን ግን አንቺ ካልተናገርሽ የሚመጣው ሰው ይደግመዋል።"

ስለዚህ ያበላሸሁትን ልናገር። ባጭሩ፣ እኔ በሰጠሁት ትእዛዝ ምክንያት አንድ ትልቅ ሰው ከሥራቸው ሊባረሩ፣ ስማቸውም ሊጠፋ ነበር። ጥፋቱ የሳቸው ነው ብዬ የፈረምኩትም እኔው ነኝ። ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ። እሳቸው ጋ ለመድረስ ግን ከጠርሙሶቹ መጀመር አለብኝ።

ሥራውን ወድጄ አልገባሁበትም። ከቴክኒክና ሙያ በብረታ ብረት ጨርሼ አንድ ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። እናቴ በጸሎት፣ እኔ በንጭንጭ ሥራ ስንፈልግ ቆየንና አዳማ ያለ አንድ የጥበቃ ድርጅት "የመሣሪያ ጥገና ረዳት" የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ድርጅቱ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ መጋዘን፣ እርሻና ፋብሪካ ያስጠብቃል። የጥበቃዎቹ ጠመንጃ በየተራ እየመጣ ከቢሮው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት ይወለወላል። ደሞዙን አልናገርም። ሴት ስላመለከተች ሳቁ፤ ሌላ ያመለከተ ስላልነበረ ቀጠሩኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጋሽ ወርቁ ምንም ያልተጻፈባቸው አራት ጠርሙሶች ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ።

"አሽትቺ።"

"ይሄ ቤንዚን ነው። ይሄ ነጭ ጋዝ። ይሄ ናፍታ፣ መናኸሪያ መናኸሪያ ይሸታል።"

"አራተኛውስ?"

አራተኛው ምንም አይሸትም። "ውሃ?"

"የስፌት መኪና ዘይት ነው። እናትሽ ልብስ ሰፍታ አታውቅም?"

"እናቴ አስተማሪ ናት።"

"ታዲያ አንቺን ምን አስተማረችሽ?"

እንዲህ ነበር የተዋወቅነው። ከዚያ ቁጭ አሉና ነገሩን በሁለት ቃል ጨረሱት። "የምትመርጪው ሁለት ነገር ነው። የሚያወጣና የሚቀር። የሚያወጣው ቆሻሻውን ይዞ ይሄዳል። የሚቀረው ብረቱ ላይ ያድራል። ሁለቱን ያምታታሽ ቀን ጠመንጃ ትገድያለሽ።"

ከሚያወጡት ውስጥ እሳቸው የሚወዱት ነጭ ጋዝ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ብረቱን ነክረሽ ትተሽው ሌላ ሥራ ትሠሪያለሽ። ናፍታም ያወጣል፣ ግን ሽታውም ጭቅቅቱም አብሮ ይቀራል። ቤንዚን ቶሎ ነው፣ ለዚህ ነው እኔ የወደድኩት። ጥላሸቱንም፣ የከረመውን ግሪስም በአንድ ጠረጋ ያነሳዋል። "ሲሄድ ግን ብረቱን ራቁቱን ትቶት ነው የሚሄደው" ይሉ ነበር። "ደሞ አንድ ክብሪት ይበቃዋል፣ አንቺንም ይዞሽ ይሄዳል።" በቤንዚን የምንሠራው ውጪ፣ ኒም ዛፉ ሥር ብቻ ነበር። ሰደፍ አጠገብ ደግሞ ጭራሽ አይደርስም። አንዴ ደርሶብኝ የእንጨቱን ቫርኒሽ ላጠው፤ እሱን ለማስተካከል ሦስት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ከረምኩ።

ጋሽ ወርቁ ማንኛውንም ጠመንጃ ሲቀበሉ መጀመሪያ ካዝናውን ያወጣሉ፣ ይከፍቱታል፣ ያያሉ፣ ከዚያ ትንሽ ጣታቸውን ጥይት ማደሪያው ውስጥ ይከታሉ። ሦስት ጊዜ። "አንዴ ለኔ፣ አንዴ ላንቺ፣ አንዴ ለማናውቀው ሰው።" ባለ ጠመንጃው ዓይናቸው እያየ ባዶ አድርጎ ቢሰጣቸው እንኳ አይቀርም። እኔ ቸኩዬ ሁለት ጊዜ ካደረግኩ ከእጄ ተቀብለው እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ።

ጥበቃዎቹ ለዓመታዊ ልምምድ ተኩስ ወጥተው ሲመለሱ ደግሞ ጋሽ ወርቁ ውሃ ያፈላሉ። የፈላ ውሃ በሳሙና፣ በአፈሙዙ በኩል። ሳየው ሳቅኩ። ብረት ላይ ውሃ?

"አሮጌ ጥይት ሲተኮስ ጨው ነው የሚተወው" አሉኝ። "ዘይት ውስጥ ጨው ጨምረሽ ታውቂያለሽ? ታች ይቀመጥና ያይሻል። ጨው የሚያወጣው ውሃ ነው። ትኩስ የሆነው ደሞ ቶሎ እንዲደርቅልሽ ነው።"

ከሁለት ዓመት በኋላ በማታው ክፍል መምህሩ የትኛው ነገር በምን ይሟሟል የሚለውን ሲያስተምር ብቻዬን ሳቅኩ። "ምን ያስቃል?" አለ። ምን ልበለው? ይሄን ትምህርት በማንቆርቆሪያ ተምሬዋለሁ ልበለው?

የሚቀረውን ለመምረጥ ደግሞ መስታወት ነበራቸው። የተሰበረ የመስኮት መስታወት፣ መስኮቱ ላይ ዘንበል ብሎ የቆመ። አዲስ ዘይት በተገዛ ቁጥር አንድ ጠብታ መስታወቱ ላይ ያደርጉና ከላዩ ስሙንና ቀኑን ይጽፋሉ። የአዳማን ነፋስ ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አቧራው በቆርቆሮው ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። ከወር በኋላ ሲታይ ከመኪና የወጣው የተቃጠለ ዘይት ጥቁር ጭቃ ሆኗል። የምግብ ዘይቱ እንደ ማስቲሽ ደርቋል፣ በጥፍርም አይነሳም። ግሪሱ አለ፣ ግን በአቧራና በዝንብ ተሸፍኗል። የስፌት መኪናው ዘይት ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ታች ፈስሶ አልቆ፣ የነበረበት ቦታ ደርቋል።

"ታዲያ የቱ ነው ጥሩው?" አልኳቸው። ትዕግስት የለኝም፣ አንድ መልስ ነበር የፈለግኩት።

"የት ነው የሚያድረው?"

"ማን?"

"ጠመንጃው።"

ይሄን ጥያቄ ጠላሁት። ለሚመጣው ጥበቃ ሁሉ ይጠይቁታል። ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው ወይስ ሲሚንቶ ላይ የሚቆመው? ጣራው ያፈሳል? እዚያው ክፍል ውስጥ ወጥ ይሠራል? ጥበቃው ግማሽ ሰዓት ያወራል፣ እሳቸው ግማሽ ሰዓት ያዳምጣሉ፣ እኔ ብሩሽ ይዤ እቆማለሁ። ሥራ የሚያስፈታ የሽማግሌ ወሬ ነበር የሚመስለኝ።

ጥበቃዎቹም ታዲያ የራሳቸው አመል አላቸው። አቶ ደረጀ ለፍተሻ ሲወጡ የሚወዱት የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ጠመንጃው ፏ ካለ ጥበቃው ጎበዝ ነው። ስለዚህ ከፍተሻው በፊት ሁሉም ያገኘውን ይቀባል። አንዴ በጾም ወቅት ከሻሸመኔ የመጣ ጠመንጃ አልቀባበል አለ። ጋሽ ወርቁ ከፈቱት፣ አሸተቱትና ባለቤቱን ቀና ብለው አዩት።

"አንተ፣ ስትጾም ነው የከረምከው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ጠመንጃህ ግን ፍስክ ነው። ቅቤ በልቷል።"

ሰውዬው ቅቤ መቀባቱን አልካደም። "ያበራ ነበር እኮ" አለ።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ጋሽ ወርቁ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ለቀዶ ጥገና ሄዱ። አቶ ደረጀ ጠሩኝና "እሳቸው እስኪመለሱ አንቺ ነሽ ኃላፊዋ" አሉኝ። በወሩ ከአርሲ ነገሌ ስልክ መጣ። እዚያ የምናስጠብቀው የእህል መጋዘን ላይ ከአምስቱ ጠመንጃ ሦስቱ አልቀባበል ብለዋል። ሄድኩ። መጋዘኑ ውስጥ ስንዴ ሲራገፍ አየሩ ነጭ ነው፤ ጥበቃዎቹም፣ ጠመንጃዎቹም፣ እኔም ገለባ ለበስን። አንዱን ስከፍተው ውስጡ ሊጥ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አጥግበው ቀባብተውት፣ የእህሉ ብናኝ ገብቶ ተቦክቷል።

በቤንዚን አጠብኩት። አደረቅኩት። ዘይት የሚባል ነገር ከለከልኩ፤ ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቦታ ላይ ብቻ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት፣ እሱም ተጠርጎ። በሁለተኛው ሳምንት አቶ ደረጀ ለፍተሻ ሄዱ፣ አምስቱም እንደ አዲስ ተቀባበሉ። አዳማ ሲመለሱ ስብሰባ ላይ አቆሙኝ። "ይቺ ልጅ በአንድ ቀን ያደረገችውን እኛ በስንት ዓመት አላደረግነውም" አሉ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ ለሁሉም ጣቢያ የሚሆን ትእዛዝ አዘጋጀሁ። ጠመንጃ በደረቁ ይያዝ፣ ምንም ዓይነት ቅባት አይቀባ፣ እጥበት በቤንዚን። አቶ ደረጀ ማህተም አደረጉበት። ጋሽ ወርቁ ከመሄዳቸው በፊት የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ጠመንጃ ከመንካትሽ በፊት የት እንደሚያድር ጠይቂ።" ትእዛዙን ስጽፍ ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ትዝ ብሎኛል። ሠላሳ ሰው የት የት እንደሚያድር ስጠይቅ ልከርም ነው ብዬ ተውኩት።

ኦቦ ቶሎሳ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ባቱ አካባቢ ያለ አንድ አበባ እርሻ ላይ አሥራ አራት ዓመት ጥበቃ የሠሩ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጠመንጃቸው የጃጀ ነው፤ ግን እንደሱ የተያዘ ጠመንጃ አላየሁም።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ" አሉ። ልጄ፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው።

"ደህና ኦቦ። ኪስዎ ውስጥ ያለችው ጠርሙስ ምንድን ናት?"

አወጧት። የሽሮፕ ጠርሙስ ናት፣ ውስጧ ነጣ ያለ ወፍራም ነገር አለ። የስፌት መኪና ዘይትና ቫዝሊን በሙቅ ውሃ ላይ አዋህደው ያዘጋጁት ነው።

"ቫዝሊን የከንፈር ነው ኦቦ።"

"እዛ ቤት የኔም ከንፈር፣ የጠመንጃውም ገላ ያው ነው። ያለሱ አይሆንም።"

"ትእዛዝ ወጥቷል። ምንም አይቀባም።"

"አንቺ ልጅ፣ እዛኮ ዝናብ ከሰማይ አይደለም የሚመጣው። ከላስቲኩ ነው የሚንጠባጠበው።"

አልገባኝም፣ ለመጠየቅም አልቆምኩም። ከኋላቸው አራት ሰው ተሰልፏል። ጠመንጃቸውን በቤንዚን አጠብኩ፣ እስኪነጣ። ጠርሙሷንም ወሰድኩባቸውና መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኳት። ቆመው ጠርሙሷን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ቶሌ" አሉ። እሺ ማለት ነው። ጠመንጃቸውን አንግተው ሄዱ።

ወር ተኩል ሞላው አልሞላውም። አቶ ደረጀ የእርሻውን ሥራ አስኪያጅ ይዘው ለፍተሻ ሄዱ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ በወጣበት ሰዓት፣ ኦቦ ቶሎሳን "አቀባብል" አሏቸው። አልቀባበል አለ። እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ ሰደፉን መሬት ላይ አስደግፈው መቀባበያውን በጫማቸው ተረከዝ ረገጡት። አበባ የሚለቅሙት ሴቶች ቆመው ያያሉ። አሥራ አራት ዓመት "ጋሼ" ሲሏቸው የኖሩ ሴቶች።

ጠመንጃው አዳማ መጣ። ደብዳቤውም አብሮ መጣ፤ "መሣሪያ በቸልተኝነት በማበላሸት" ታግደዋል፣ ሊሰናበቱም ነው። በዚህ ምክንያት የተሰናበተን ጥበቃ ማንም ድርጅት አይቀጥርም። መሣሪያውን ያበላሸ ጥበቃ ማለት ያው ሥራውን የማያውቅ ሰው ማለት ነው። ደብዳቤው እንዲጸና የቀረው የባለሙያ ማረጋገጫ ነበር። ባለሙያዋ እኔ ነኝ።

ከፈትኩት። ዝገቱ ብርቱካናማ ነው፣ ደቃቅ፣ እንደ በርበሬ የተነሰነሰ። ውጪው ላይ ቢሆን አንድ ነገር ነው። እንጨቱ የሚሸፍነው ቦታ ላይም አለ። ጥበቃ እጁን ሊያስገባ የማይችልበት፣ እኔ ብቻ ከፍቼ በቤንዚን ያጠብኩት ቦታ ላይም አለ። ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

አቶ ደረጀ በር ላይ ቆመው "ምን ትያለሽ?" አሉ።

"ልየው ገና።"

"ምኑ ይታያል? ዝጓል። አልተያዘም። ፈርሚና ላኪው፣ እርሻው ውል ሊያፈርስብን ነው።"

ፈረምኩ። አስገደዱኝ አልልም። ከሁለት ወር በፊት ስብሰባ ላይ ያቆሙኝ ሰውዬ ፊት ተሳስቻለሁ ማለት አቃተኝ፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን መደርደሪያው ላይ ያለችውን የሽሮፕ ጠርሙስ ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ ሠራሁ።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ወርቁ መጡ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል፣ ገና በደንብ አያዩም። ወንበር ላይ ተቀመጡና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠመንጃ በጣታቸው ዳሰሱት። ሦስት ጊዜ ከፈቱ፣ ሦስት ጊዜ ጣታቸውን ከተቱ። ከዚያ ዝገቱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ማነው ያጠበው?"

"እኔ።"

"በምን?"

"በቤንዚን።"

"ምን አስቀረሽበት?"

"ምንም።"

"የት ነው የሚያድረው?"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ እመልስላቸው ነበር። "አታውቂማ" አሉና እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "ሄደሽ እይዋ።"

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ በሚኒባስ ባቱ ወረድኩ። የኦቦ ቶሎሳ የጥበቃ ክፍል ከግሪን ሀውሱ በር ጋር የተጣበቀች ጠባብ የጣውላ ቤት ናት። በሩ ሲከፈት ሙቀቱና እርጥበቱ ተግተልትሎ እሷ ውስጥ ይገባል። የግሪን ሀውሱ ላስቲክ ከውስጥ ላብ ያልበዋል፣ ጠብ ጠብ ይላል። ሌላ ደግሞ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ አለ። "ምንድን ነው?" አልኩ። አንዷ ሠራተኛ "ድኝ ነው፣ ለአበባው በሽታ ያጨሱታል፣ እኛ ለምደነዋል" አለችኝ። ግድግዳው ላይ ጠመንጃው የሚሰቀልበት ሚስማር አለ። ሚስማሩ ራሱ ዝጎ ግማሽ ሆኗል። ለሠላሳ ሰው ትእዛዝ ከመጻፌ በፊት ይሄን ሚስማር ማየት ነበረብኝ።

ይዤ የመጣሁትን ሁለት አዳዲስ ሚስማር አወጣሁ። ሁለቱንም በቤንዚን አጥቤያቸዋለሁ። አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን አብሬ ካመጣኋት የኦቦ ቶሎሳ ጠርሙስ በጣቴ ቀብቼ፣ በክር አንጠለጠልኳቸው። ተረኛው ጥበቃ እንዳይነካቸው ለምኜው ተመለስኩ። በአምስተኛው ቀን ሄጄ አወረድኳቸው። አንዱ በርበሬ ተነስንሶበታል። ሌላው እንደተገዛ ነው።

ከዚያ ወደ ኦቦ ቶሎሳ ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ አጥር እያጠበቁ ነው። ሲያዩኝ ሥራቸውን አላቆሙም።

"ጠርሙሴን ይዘሽልኝ መጣሽ?"

"ይዣለሁ ኦቦ።" ሰጠኋቸው። "ያዛገው እኔ ነኝ። እርስዎ አይደሉም። እርስዎ ነዎት ብዬም ፈርሜያለሁ።"

ጠርሙሷን ወደ ብርሃኑ አነሱና አዩዋት። "ቀንሷል።"

"ሚስማር ቀባሁበት።"

"ለሚስማር ነው እንዴ የሠራሁት?" ጠርሙሷን ኪሳቸው ከተቷት። "እኔ አውቅ ነበር ኢንተላ ኮ። አንቺ ስታጥቢው አውቅ ነበር። ግን ትእዛዝ ነው አልሽኝ። ይኸው እኔ ትእዛዝ አከበርኩ" አሉ። "አሁን ለኔ አይደለም የምትነግሪኝ። ሂጂ ለሰውዬው ንገሪው።"

ሰኞ ጠዋት የአቶ ደረጀ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ሚስማሮች አስቀመጥኩ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሁለቱም አምስት ቀን ኦቦ ቶሎሳ ጠመንጃ የሚሰቅሉበት ቦታ ነው ያደሩት። ይሄ በኔ ትእዛዝ፣ ይሄ በሳቸው ጠርሙስ።"

አንድ በአንድ አንስተው አዩዋቸው። "ወረቀቱ እኮ ሄዷል። ፈርመሻል።"

"ሌላ ጽፌያለሁ። ይኸው።"

"የኔም ማህተም አለበት፣ ትእዛዙ ላይ። ይሄን ታውቂያለሽ አይደል? በሁለታችንም ነው ሰው የምታስቂብን።"

"ይሳቁ።"

"ምክትል ላደርግሽ እያሰብኩ ነበር።"

"ይቅርብኝ። ግን ይሄን ካልተቀበሉኝ ለዋናው መሥሪያ ቤት ራሴ እወስደዋለሁ፣ ከነሚስማሩ።"

አቶ ደረጀ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማብረቅረቅ የሚወዱ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ሆሄው ተስተካክሎ ይምጣ" አሉ በመጨረሻ። ያ ማለት እሺ ማለት ነው።

ኦቦ ቶሎሳ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ዛሬም ፋይሌ ውስጥ አለ፣ ሳሙና ፋብሪካውም ጠይቆ አንብቦታል። ምክትልነቱ ቀረ። እርሻው ላይ ደግሞ አቶ ደረጀ ራሳቸው ሄደው፣ በምሳ ሰዓት፣ ሴቶቹ በወጡበት፣ ጠመንጃውን በእጃቸው ለኦቦ ቶሎሳ እንዲያስረክቡ ጠየቅኳቸው። ይሄን እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። አደረጉት።

አሁን ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ። የጠመንጃ ዓይነት አልተጻፈበትም፤ የተጻፈው ማደሪያው ነው። የአርሲ ነገሌው የእህል መጋዘን፦ በነጭ ጋዝ ይታጠብ፣ በደንብ ይጠረግ፣ አንድ ጠብታ ብቻ፣ በየሳምንቱ ይከፈት። የአዳማ መጋዘኖች፦ ስስ የስፌት መኪና ዘይት፣ ነፋስ ሲበረታ በጨርቅ ይሸፈን። አበባ እርሻው፦ የኦቦ ቶሎሳ ቅባት፣ ከውስጥም ከውጪም፣ በየሁለት ቀኑ። ቤንዚን ለከረመ ግሪስ ብቻ፣ ዛፉ ሥር፣ እና በዚያው ቀን የሚቀር ነገር ሳይቀባ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ጋሽ ወርቁ አምና ከሥራ ሲወጡ ያቺን የዘይት መሞከሪያ መስታወት ለእኔ ተዉልኝ። አላነሳኋትም፣ እዚያው መስኮቱ ላይ ናት። እንዳትጸዳ።

ትናንት ኦቦ ቶሎሳ ለመጨረሻ ጊዜ እኔ ጋ መጡ። ጠመንጃቸውን ሦስት ጊዜ ከፈትኩ፣ አጠብኩ፣ ከጠርሙሳቸው ቀባሁ፣ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ከኪሳቸው ነጭ ጨርቅ አወጡና እዚያው ፊቴ ቆመው እንደገና ወለወሉት። ጨርቁን ገልብጠው አዩት። እኔም ቆሜ ጠበቅኩ። ድሮ ቢሆን ተሰድቤያለሁ እል ነበር።

"የሚተካሽ ሰው ጠመንጃው የት እንደሚያድር ይጠይቃል?" አሉ።

"እነግረዋለሁ።"

"ባይጠይቅስ?"

"እርስዎ ይንገሩት።"

"እኔማ ነግሬሽ ነበር።"

"ያውቃሉ ኦቦ" አልኳቸው፣ "አልሰማም ካለ ጠርሙስዎን እንዳይሰጡት።"

ጨርቁን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ጠርሙሷን ከላዩ አስቀመጧት፣ ኪሱንም ቆለፉት።